የጀልባው ፍሪጅ በረዶ አልለቅም ያለኝ ጊዜ

ይህ የገጠመኝ ባለፈው ዓመት በጳጉሜ ነው። ፍሪጅ ጠጋኝ ነኝ፤ በሥራዬ ብዙ ጉድ አይቻለሁ። የገዛ ሙያዬን የተጠራጠርኩት ግን ያኔ ብቻ ስለሆነ አልረሳውም።

ወሰን አካባቢ አነስተኛ የጥገና ቤት አለችኝ። ጋሽ ታደሰ የሚባሉ ደንበኛዬ ደግሞ ላንጋኖ ሐይቅ ላይ ሰው የሚያንሸራሽሩባት ጀልባ አለቻቸው። የጀልባዋ ፍሪጅ በባትሪ የሚሠራ ትንሽዬ ነው። ፍሪዘሩ በረዶ እየጋገረ አስቸግሯቸው አመጡልኝ። የበሩን ጎማ ቀየርኩ፤ ወስደው መለሱት። የቅዝቃዜ መቆጣጠሪያውን ቀየርኩ፤ አሁንም መለሱት።

ምን እንደሚያስቀምጡበት ስጠይቃቸው ለስላሳና በደንብ የተጠቀለለ ዓሣ ብቻ አሉኝ። ከዚያ ረጋ ብለው፣ ለእንቁጣጣሽ እንግዶች እንዳሉባቸውና አሁን ካልተስተካከለ ሌላ ባለሙያ እንደሚፈልጉ ነገሩኝ። ከደንበኞቼ አብዛኞቹ በእሳቸው በኩል የመጡ ናቸው። እሳቸው ከቀሩ ቤቴን መዝጋቴ ነው።

ስለዚህ ባዶውን እያሠራሁ ልከታተለው ብዬ የካ ወዳለው መኖሪያ ቤቴ ወሰድኩት። በረዶ የሚጋገረው ከእርጥበት ነው። ትኩስ ነገር ካልገባ፣ ክዳን የሌለው ውሃ ካልተቀመጠ፣ በሩም በየደቂቃው ካልተከፈተ ከየት ይመጣል? ውስጡን በደረቅ ጨርቅ ወልውዬ፣ ማንም እንዳይነካው አስጠንቅቄ ወደ ሥራ ሄድኩ።

በማግስቱ ጠዋት ስከፍተው ፍሪዘሩ ነጭ ጋቢ የለበሰ ይመስላል። አቅልጬ፣ አድርቄ ዘጋሁት። በነጋታውም ያው ነው። ሚስቴን ጠየቅኳት፤ አልነካሁም አለች። ለጳጉሜ ጠበል ሊጠመቁ ከደብረ ብርሃን መጥተው እኛ ዘንድ ያረፉትን አማቴን ጠየቅኳቸው። እሳቸውም ምንም እንዳላስገቡ በማርያም ስም ማሉልኝ። እንግዲህ ዝናቡን አማሁ፣ ባትሪውን አማሁ፣ በመጨረሻም ራሴን አማሁ። ምግብ እንኳ አልበላ አለኝ።

የዓመቱ የመጨረሻ ቀን መፍቻ ረስቼ ቀትር ላይ ወደ ቤት ተመለስኩ። እግረ መንገዴን ፍሪጁን ስከፍት መሐሉ ላይ አንድ ጎድጓዳ ሳህን እስከ አፉ ውሃ ሞልቶ ተቀምጧል። ክዳን የለውም፤ ስስ ነጠላ ጣል ተደርጎበታል።

“እማማ፣ ምንም አላስገባሁም ብለውኝ አልነበረም?” አልኳቸው።

“ምን አስገባሁ ልጄ? ይሄ እኮ ጠበል ነው።”

ከእንጦጦ ሲመለሱ በጀሪካን ይዘው ይመጣሉ። ከተራራው ሲወጣ እንደነበረው ቀዝቃዛ ሆኖ መጠጣት ነው የሚፈልጉት፤ ጀሪካኑ ግን ፍሪጁ ውስጥ አይገባም። ስለዚህ እኔ ወደ ሥራ ስወጣ በሳህን አድርገው ያስገቡታል፤ ጎህ ሲቀድ አውጥተው ይጠጡታል። እኔ የምነሳው ከዚያ በኋላ ነው።

መናደዴን እስክጨርስ በረዶው ቀለጠ። ውሃውን በሳፋ ተቀብዬ ወደ ቦይ ልደፋ ስወጣ አማቴ መንገድ ዘጉብኝ። ከጠበሉ የመጣ በረዶ ያው ጠበል ነውና እግር የሚረግጠው ቦታ አይደፋም አሉ። ሳፋዬን ታቅፌ በዝናብ ውስጥ የማይረገጥ መሬት ፍለጋ ግቢውን ዞርኩ። ጎረቤት በአጥሩ በኩል እያየ ምን ሆንክ ይለኛል። በመጨረሻ ከጓሮ ባሕር ዛፍ ሥር ደፋሁት። ስመለስ አማቴ ፍሪጁን ጠበል እየረጩት ነበር፤ እኔንም አልማሩኝም።

ወዲያው ጋሽ ታደሰ ፍሪጁን ሊወስዱ መጡ። ክዳን የሌለው ውሃ ያስቀምጡ እንደሆነ ጠየቅኳቸው፤ ኧረ በጭራሽ አሉ። ወጥተው መኪና ሊያስነሱ ሲሉ አንድ ነገር ውልብ አለብኝ።

“ጋሼ፣ ጠበልስ?”

“እሱማ አለ” አሉኝ ቁልፉን እንደያዙ። “ባለቤቴ ጀልባዋን ይጠብቅልን ብላ በሳህን አስቀምጣዋለች። እሱንም ዕቃ ብዬ ልቁጠረው?”

አጥብቆ የሚዘጋ ጠርሙስ ከቤት አምጥቼ ሰጠኋቸው። ፍሪጁ እስካሁን አልተመለሰም። አሁን በረዶ ጋገረብኝ የሚል ደንበኛ ሲመጣ መፍቻ ከማንሳቴ በፊት ስለ ጠበል እጠይቃለሁ፤ ብዙዎቹ ይስቁብኛል፣ አንዳንዶቹ ግን ሳህኑን አውጡት ሊሉ ወደ ቤት ይደውላሉ። አማቴ በበኩላቸው ፍሪጁን ያዳነው የረጩት ጠበል ነው ባይ ናቸው። ጎማውን በከንቱ የቀየርኩ ሰው ምን አፍ አለኝና እከራከራቸዋለሁ?