ኅዳግ የጠበበው ፈረንሳዊና እኔ

እዚህ ፈረንጅ አገር፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ እስከ አሌክሳንድሪያ፣ መካከል ያለውን ድልድይ ጨምሮ፣ እንደ እኔ ሒሳብ የገባው ሐበሻ አልተፈጠረም። ይህን ባለፈው ቅዳሜ ለልጄ ነገርኳት። ከዩኒቨርሲቲዋ ከኮሌጅ ፓርክ ልብስ ልታጥብ ስትመጣ ደረቱ ላይ ቀመር የተጻፈበት ቲሸርት ለብሳ ነበር። ይሄ ምን እንደሆነ እንኳን ታውቃለህ ወይ አለችኝ፣ በእንግሊዝኛ።

"የተወለድሽው በዚህ ቀመር ምክንያት ነው" አልኳት።

ስቃ ወደ ልብስ ማጠቢያው ሄደች። እኔ ግን ከዚያ ቀን ወዲህ ቁጭ ብድግ ላይ ነኝ። እውነቱን ለመናገር፣ ሒሳብ የገባኝ እስከ መቶ ድረስ ነው፤ ከዚያ በላይ ያለውን የምይዘው በግምት ነው።

ሃያ አራት ዓመቴ ነበር። ቀን አሌክሳንድሪያ የመኪና ማቆሚያ ውስጥ፣ ከስልክ ቤት በማትሰፋ ዳስ ተቀምጬ ቲኬት እሰጣለሁ፤ ማታ አልጀብራ እማራለሁ። እማራለሁ ማለት እወድቃለሁ። አንድ ደንበኛ ጥሎት የሄደ፣ ሽፋኑ የተገነጠለ አሮጌ መጽሐፍ ነበረኝ። የአንድ ፈረንሳዊ ታሪክ ነው፤ ስሙን ምላሴ ዛሬም በወጉ ስለማያነሳው ዳኛው ልበለው። ከሦስት መቶ ዓመት በፊት ቱሉዝ በምትባል ከተማ ቀን ፍርድ ሲሰጥ ይውልና፣ ከሥራ ሲወጣ በቁጥር ይጫወታል። አስተማሪ አይደለም፤ ያሳተመውም ነገር የለም ማለት ይቻላል። ለታላላቅ ሊቃውንት ደብዳቤ እየላከ፣ እኔ ፈትቼዋለሁ እስቲ እናንተም ሞክሩት ይላቸዋል። አፈታቱን ግን አያሳይም።

አንድ ቀን በጥንት የግሪክ ሒሳብ መጽሐፍ ኅዳግ ላይ ማስታወሻ ጻፈ። ሦስት ሲባዛ በሦስት፣ አራት ሲባዛ በአራት፣ ሁለቱ ሲደመሩ አምስት ሲባዛ በአምስት ይሆናሉ። ቁጥሩን ሁለቴ ሳይሆን ሦስቴ፣ አራቴ፣ ከዚያም በላይ ደርድረህ ብታባዛ ግን እንዲህ የሚስማሙ ቁጥሮች በጭራሽ አታገኝም አለ፤ የልጄ ቲሸርት ላይ ያለው ቀመር ይኸው ነው። ለዚህም ድንቅ ማረጋገጫ አለኝ፣ ምን ይሆናል ኅዳጉ ጠበበኝ ብሎ ተወው። እሱ ሲሞት ልጁ ማስታወሻውን አሳተመው፤ ከዚያ ወዲያ የዓለም ሊቅ ሁሉ ፀጉሩን ሲነጭ ኖረ። ሰውየውን ወደድኩት። ሥራውን ሳያሳይ የተከበረ ሰው እንዴት አይወደድ?

በዚያው ሰሞን ዘይነብን ወድጄ ነበር። አባቷ ጋሽ ይማም ደሴ ውስጥ ሃያ ዓመት ሒሳብ ያስተማሩ፣ ስካይላይን የሚባል ሕንፃ አሥራ አራተኛ ፎቅ ላይ የሚኖሩ ሰው ናቸው። አንድ ፋርማሲስት ሽማግሌ ሊልክባት ነው የሚል ወሬ ሲደርሰኝ ቀድሜው ልላክ ብዬ ሦስት የወሎ አባቶች ለመንኩ። ዋናው ጋሽ ሰይድ ነበሩ።

እኔው ነዳሁላቸው። ጊዜው የመፀው መጨረሻ ነው፤ ቅጠሉ ረግፎ አስፋልቱ ላይ ተለጥፏል፣ ዝናቡ ያካፋል፣ ቤልትዌይ የሚሉት ቀለበት መንገድ ላይ መኪናው ሁሉ እንደ ኤሊ ይሄዳል። ጋሽ ሰይድ የልጁ ሥራ ምንድን ነው ቢሉን ምን እንበል አሉኝ። የመኪና ማቆሚያው ከአፌ አልወጣ አለ። የሒሳብ ተመራማሪ ነው በሉ አልኳቸው፤ የዳኛውንም እንቆቅልሽ አጫውቼ፣ ልፈታው ትንሽ ቀርቶኛል አልኩ።

ሙሽራ ከሽማግሌ ጋር አይገባም፤ መኪና ውስጥ ቀረሁ። ሬዲዮ ከፈትኩ፣ ዘጋሁ። ወርጄ መኪናውን ዞርኩት፣ ጫማዬ ቅጠል ለብሶ ተመለስኩ። ለመንገድ የያዝናቸውን ስምንት ሳምቡሳዎች ሳላውቀው ጨረስኳቸው። ከአንድ ሰዓት በኋላ ጋሽ ሰይድ በዝናቡ ብቻቸውን መጡና መስኮቱን አንኳኩ።

"ና ውጣ። ፈረንጅ ሦስት መቶ ዓመት ያቃተውን የፈታ ልጅ ነው ብያቸው፣ ያሳየኝ ይላሉ።"

ሽማግሌ የተሰጠውን ሳያሳምር አያቀርብም። 'ትንሽ ቀርቶኛል' ያልኩትን ሊፍቱ ውስጥ ጥለውት ወጥተዋል።

ጋሽ ይማም ወረቀትና እርሳስ አዘጋጅተው ጠበቁኝ። "እስቲ ጀምርልኝ" አሉ በትሕትና።

የዳኛው መንፈስ አደረብኝ። "ጋሼ፣ ወረቀቱ ይጠባል" አልኩ።

ዘይነብ ብድግ ብላ ወደ ውስጥ ገባች፤ የስጦታ መጠቅለያ ጥቅልል ይዛ መጥታ ምንጣፉ ላይ ከግድግዳ እስከ ግድግዳ ተረተረችው። ሽማግሌዎቹ እግራቸውን አነሡ።

"ይሄስ ይበቃሃል?" አለችኝ።

ተንበርክኬ ሦስት፣ አራት፣ አምስት ብዬ ጻፍኩ። ከዚያ በኋላ እርሳሱን መቅረጽ ብቻ ሆነ ሥራዬ።

"ጥያቄው እኮ ተፈቷል" አሉ ጋሽ ይማም። "አንድ እንግሊዛዊ ስንት ዓመት ቤቱን ዘግቶ ፈታው፤ ጋዜጣ ላይ ወጥቷል።"

የእኔ መጽሐፍ ከጋዜጣው በፊት የታተመ ኖሯል። ከዚያ ትክክለኛ ሥራዬን ጠየቁኝ፣ ነገርኳቸው። አልጀብራስ አሉኝ፤ ሁለቴ ወድቄያለሁ አልኩ። ጋሽ ሰይድ ጣሪያውን ያጠናሉ።

"እሑድ እሑድ እየመጣህ ትማራለህ። ስታልፍ ሽማግሌዎቹን መልሰህ ላክ። እስከዚያ ፋርማሲስቱንም አቆየዋለሁ" አሉ ጋሽ ይማም።

ሰባት ወር ተመላለስኩ። ጋሽ ይማም እየተቆጡም እየሳቁም አስተማሩኝ፤ ዘይነብ ቅርንፉድ የበዛበት ሻይ እያቀረበች በትከሻዬ በኩል ስሕተቴን ትቆጥራለች። ፈተናው ባለቀ በሳምንቱ ሄጄ አለፍኩ አልኳቸው። ተነሥተው ግንባሬን ሳሙኝ፤ ሽማግሌዎቹን ራሳቸው ደውለው ጠሩ። ያ ሁሉ ማስረጃ ፈላጊ ሰው፣ ያን ቀን የውጤቱን ወረቀት አሳየኝ አላሉም።

ዛሬ ሊቃውንቱ ዳኛው ማረጋገጫው እጁ ላይ እንዳልነበረ ይገምታሉ፤ እንግሊዛዊው ያገኘው ከመቶ ገጽ በላይ ነው፣ የተሠራበትም ሒሳብ በእሱ ዘመን አልነበረም። እኔ መገመት አያስፈልገኝም፤ እንዲህ ያለውን ሰው አውቀዋለሁ። ለነገሩ እሱ ቢያንስ ዳኛ ነበር።

እኔ ሦስተኛውንም ፈተና ወድቄ ነበር። ጋሽ ይማም ማለፌን እንዳመኑ ሞቱ። ዘይነብም የምታውቀው አሁን፣ ይህን ስታነብ ነው።