ሳልውጠው የተመሰገነው ክኒን

ይህ የገጠመኝ በደርግ ዘመን ነው። ባለቤቴ ጌጡ በመንግሥት እርሻ ትራክተር ይነዳ ነበር፤ የምንኖረው ሱዳን ድንበር ላይ፣ መተማ ዮሐንስ ከተማ ቤት ተከራይተን ነው። ዛሬም አንዲት እርጉዝ «ጎረቤቴ የሰጠችኝን ክኒን ዋጥሁ» ስትል ከሰማሁ ያ ጊዜ ፊቴ ላይ ድቅን ይላል።

የመጀመሪያ ልጄን አርግዤ ነበር። ክረምቱ እንደወጣ ወባ ያዘችኝ። እኔ የደባርቅ ልጅ ነኝ፤ የቆላ ወባ ደገኛ ስታገኝ እንደምትብስ የሚያውቅ ያውቀዋል። እየተንቀጠቀጥሁ ክሊኒክ ሄድሁ። ጤና ረዳቷ ማርገዜንና ስንት ወር እንደሆነኝ ጠይቃ የወባ ክኒን ሰጠችኝ።

«ይኸ ለእርጉዝም ይሆናል፤ ሳታቋርጪ ጨርሺው። ፅንሱን የምትጎዳው ወባዋ ናት። ከዚህ ሌላ ግን ማንም ምን ቢሰጥሽ እኔን ሳትጠይቂ እንዳትውጪ» አለችኝ።

ጌጡ ከሥራ ሲመለስ ክኒኑን አይቶ ጮኸ። «ይኸ መራራውማ ያስወርዳል! የእርሻው ሰው ሁሉ የሚያውቀውን!» ብነግረው፣ ብለምነው አልሰማ አለ። በማግስቱ ድንበሩን አልፎ ወደ ሱዳኗ ገላባት ተሻገረና ግማሹ ቀይ፣ ግማሹ ቢጫ የሆነ ክኒን በመፍቻው ሳጥን ደብቆ ይዞልኝ መጣ።

«ቀዩ ደም ይሞላል፤ ቢጫው ጉልበት ይሰጣል» አለኝ።

«ማን አለህ?»

«ባለ ዱካኑ ነዋ! ‹ኩወይስ፣ ኩወይስ› እያለ ነው የሸጠልኝ።»

ጌጡ ከአረብኛ የሚያውቀው ይችኑ «ጥሩ» ማለት የሆነችውን ቃል ብቻ ነበር። ደሙና ጉልበቱ ከየት እንደመጡ እግዜር ይወቀው።

ከዚያ በኋላ የእኔ ሥራ መደበቅ ሆነ። እሱ ፊት ቀይና ቢጫውን ጉንጬ ውስጥ ሸጉጬ ውኃ እጠጣለሁ፤ ዘወር ሲል ሽንት ቤት እጥለዋለሁ። የክሊኒኩን መራራ ደግሞ በርበሬ ውስጥ ቀብሬ አኑሬ፣ እሱ ሥራ ሲሄድ እውጣለሁ። ትኩሳቱ ለቀቀኝ። ጌጡም «አላልሁሽም?» አለኝ።

ጩኸቱ ገላባት የሚሰማ ወፍራም ወንድ ልጅ ወለድሁ። ምስጋናው ለማን ሆነ? ለገላባቱ ክኒን! ጌጡ በእርሻው ላይ አወራ፤ በቀበሌ ስብሰባ ላይ ሳይቀር ከአብዮቱ ድሎች ቀጥሎ የልጁን ውፍረት አነሣ አሉ። እኔ ግን ባሌን ሰው ፊት ላዋርደው አልፈለግሁም። ደግሞስ ምስጋናው ለማንም ይሁን፣ ልጁ ጤነኛ ነው።

ጎረቤታችን ትርንጎ ሁለት ጊዜ አስወርዷት፣ በብዙ ስለት ሦስተኛውን አርግዛ ነበር። ባሏ አዳነ የጌጡ የሥራ ባልደረባ ነው። አንድ እሑድ ልጄን ታቅፌ ልጠይቃት ብገባ ጌጡም እዚያው ከአዳነ ጋር ተቀምጧል። መካከላቸው መደቡ ላይ ያ ቀይና ቢጫ ክኒን ተበትኗል። ትርንጎ አንዱን በመዳፏ፣ ውኃውን በጣሳ ይዛ፣ ዓይኗ ልጄ ላይ ነው።

«እንዳንቺ ልጅ ያለውን ይስጥሽ በይኝ» አለችኝ።

ከአፌ እጄ ቀደመ። ክኒኑን ከመዳፏ ነጠቅኋት።

«አትዋጪው! እኔ አንዱንም አልዋጥሁም!»

አዳነ ወደ ጌጡ ዞረ፤ ጌጡ ወደ እኔ።

«ምን ትላለች ይህች?» አለው አዳነ።

«ሽንት ቤት ነው የጣልሁት። ያዳነኝ የክሊኒኩ መራራ ነው።»

«የከለከልሁሽ?» አለኝ ጌጡ።

«ስለከለከልኸኝ ነዋ ተደብቄ የዋጥሁት!»

ትርንጎ መጀመሪያ ከት ብላ ሳቀች። ከዚያ ጣሳውን አስቀምጣ ማልቀስ ጀመረች። «እኔ ጧት አንዱን ውጫለሁኮ!»

እሑድ ነው ሳንል አራታችንም ጤና ረዳቷ ቤት ሄድን። እሷም ክኒኑን ገና እንዳየችው አወቀችው። ለሌላ በሽታ ጥሩ መድኃኒት መሆኑን፣ እርጉዝ ስትውጠው ግን የፅንሱን አጥንትና ጥርስ እንደሚያበላሽ ነገረችን። «በአንዱ አትደንግጪ፤ ሁለተኛ ግን እንዳትነኪው። ለክትትል ደግሞ ነገ ክሊኒክ ነይ» አለቻት። ትርንጎ ያን ጊዜ ተነፈሰች። ጌጡ ከኋላ ሆኖ «ኩወይስ ብሎኝ ነበርኮ» ሲል ሰማሁት።

ትርንጎ በሰላም ሴት ልጅ ተገላገለች። ጌጡ ግን አኩርፎኝ ሰነበተ። ያኮረፈው ስለዋሸሁት ነው ወይስ ስለዳንሁ፣ እስካሁን አልገባኝም።

አሁን ሁለታችንም አርጅተናል። በመንደራችን አንዲት ሴት አረገዘች ሲባል ጌጡ ቀድሞ ይደርስና «እኔ ባለቤቴ ስታረግዝ ከክሊኒክ በቀር አንዲት ክኒን አላስቀመስኋትም! ሳትጠይቂ እንዳትውጪ!» እያለ ይመክራታል። ይህን ሲል እኔን አያየኝም። እኔም አላርመውም፤ ውሸቱን አምነው ክሊኒክ የሄዱ ብዙ ናቸው።