ሽማግሌውን በመትረየስ

ሀምዱን የቸገረው ነገር ለማንም ቢነገር የሚያስቅ ነው። ለንደን፣ ኬንቲሽ ታውን ውስጥ፣ የሰፈሩ ማዘጋጃ ቤት በሰጠው ባለ አንድ መኝታ ቤት፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ይኖራል። አውቶቡስ መንዳት ከጀመረ ሃያ ሁለት ዓመቱ ነው። ከሚስቱ ከሰቢሃ ጋር ከተለያዩ ዘጠኝ ዓመት ሆኗቸዋል፤ ልጅ የላቸውም፣ ጸብም የላቸውም፣ በዒድ ይደዋወላሉ። እንግዲህ ሰውዬው ጠዋት ጠዋት ሻይ አፍልቶ ስልኩን ይከፍትና እሱ ተኝቶ ሳለ አሜሪካ ውስጥ የተደረገውን የቤዝቦል ውጤት ያነባል። ማን መታ፣ ማን ወረወረ፣ የማን ክርን ታመመ። አንብቦ ሲጨርስ ቀና ይላል። ከፊቱ ያለው ማቀዝቀዣው ብቻ ነው።

ሥራ ቦታ፣ ካንቲን ውስጥ፣ አንድ ጊዜ ሞክሮ ነበር። ማንኪያ በዱላ ፋንታ፣ የስኳር ከረጢት በኳስ ፋንታ አድርጎ ለአንድ እንግሊዛዊ ሾፌር ሲያስረዳ፣ ሰውዬው እስከ መጨረሻው በትዕግሥት ሰማውና "ይሄ እኮ ራውንደርስ ነው፤ ልጄ ትምህርት ቤት ትጫወተዋለች" አለው። መስጊድ በር ላይ ደግሞ ካሚል የሚባል የሰፈሩ ሰው አለ፤ "ሀምዱ፣ ያ የዱላ ጨዋታህ እንዴት ነው?" ይለዋል፣ መልሱን ሳይጠብቅ ወደ አርሴናል ይገባል። ሀምዱም ስለ አርሴናል ያወራል። ምን ያድርግ?

አሜሪካን ረግጧት አያውቅም። ቤዝቦልን የተማረው ኩባ ነው። አባቱ ኦጋዴን ላይ በሶማሊያ ጦርነት ሲሞቱ፣ እሱን በአሥራ ሁለት ዓመቱ ከሌሎች የወታደር ልጆች ጋር መርከብ ላይ አሳፍረው ኩባ ላኩት። ግማሽ ቀን ትምህርት፣ ግማሽ ቀን ፍራፍሬ ለቀማ፤ አመሻሽ ላይ ደግሞ ኩባውያን ፔሎታ የሚሉት ይህ ጨዋታ። ሀምዱ ይወረውር ነበር። የሚወረውረውን ተንበርክኮ የሚቀልብለት ተክለ ሃይማኖት የሚባል፣ እንደሱው አባቱን ጦርነት የበላበት ልጅ ነበር። ሁለቱ ሲያድጉ ተለያዩ፤ ከዓመታት በኋላ ለንደን ውስጥ የስደተኞች ሰልፍ ላይ ሀምዱ ቆሞ ሳለ አንድ ሰው ከኋላው ሰልፉን በስፓኒሽ ሲራገም ሰማ። ዞር ሲል ተክሌ ነው! ተቃቅፈው ሲያለቅሱ ተራቸው አለፈ፣ እንደገና ከኋላ ተሰለፉ።

ይህ ከሆነ ሠላሳ ዓመት አልፏል። በሠላሳው ዓመት ሁሉ አንድ የራሳቸው ጨዋታ አላቸው። መጋቢት ላይ ከአሜሪካ ተጫዋቾች ተራ በተራ እየመረጡ፣ እያንዳንዳቸው ሃያ ስድስት ሰው በደብተር ይጽፋሉ። ያ ቡድናቸው ነው። ተጫዋቾቹ እውነተኛው ሜዳ ላይ የሚሠሩት ነጥብ ይሆንላቸዋል፣ ጥቅምት ላይ ብዙ ነጥብ ያለው ያሸንፋል። በመሃል መለዋወጥ ይቻላል። ክርክሩ በስልክ ነው፤ ሁልጊዜ እሁድ፣ ጠዋት በእኛ አቆጣጠር አራት ሰዓት ላይ። ልውውጡ የሚጸናው ግን ፊት ለፊት ተቀምጠው፣ ሰጪው የሰጠውን ሰው በገዛ እጁ በተቀባዩ ደብተር ላይ ሲጽፍ ብቻ ነው። አንዴ በስልክ ተስማምተው "አላልኩም፣ ብለሃል" ተባብለው ሦስት ወር ተኳርፈዋል፤ ሕጉ የወጣው ያኔ ነው።

ለተጫዋቾቹም ስም ያወጡላቸዋል። የተክሌ ዋና መቺ መትረየስ ነው፤ ሃያ ሰባት ዓመቱ፣ የመታው ኳስ አይመለስም። የሀምዱ ዋና ወርዋሪ ሽማግሌው ይባላል፤ ሠላሳ ዘጠኝ ዓመቱ ነው፣ በዚህ ውድድር አቆማለሁ ብሏል፣ ግን አሁንም ያሸንፋል። ሀምዱ የሚሰበስበው እንዲህ ያሉትን፣ ዛሬ የሚጠቅሙትን ነው። ተክሌ በተቃራኒው ለነገ ነው የሚገነባው፤ ገና ጢም ያላበቀሉትን ይሰበስብና "ቆይ፣ ታያለህ" ይላል። "መዋዕለ ሕፃናት ክፈት!" ይለዋል ሀምዱ። "አንተ ጡረተኞችህን ጡር!" ይመልሳል ተክሌ።

ዘንድሮ ታዲያ፣ ነገር ተገላብጦ፣ አንድ የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጅ ሀምዱ እጅ ገባ። ጩጬው አሉት። ገና ታችኛው ሊግ ነው፣ ትልቁ ሜዳ እስኪደርስ አራት ዓመት ይፈልጋል፤ ግን ያየው ሁሉ አፉን ይይዛል። ተክሌ በጩጬው ነገር አበደ። እሁድ በመጣ ቁጥር "ስጠኝ" ነው። "መትረየስን አምጣ" ይለዋል ሀምዱ። "በቁሜ!" ይላል ተክሌ። እንዲህ ሲባባሉ ሰኔ ደረሰ።

ሰኔ ላይ፣ አንድ ረቡዕ፣ የተክሌ ልጅ ብፅዓት ለሀምዱ ደወለች። እናቷ ከሞተች ወዲህ አባቷን የምትጠብቅ እሷ ናት፤ እዚሁ ለንደን ነው ተወልዳ ያደገችው።

"ጋሼ ሀምዱ፣ ሶሪ፣ ሥራ ላይ ነዎት?"

"ዕረፍት ላይ ነኝ፣ ልጄ። ምነው?"

"የአባዬ ስካን መጣ" አለች። "ኮንሰልታንት ዶክተሩ እስከ ሴፕቴምበር ነው ያለኝ። ሜይቢ።"

ሀምዱ ካንቲኑ ውስጥ ቆሞ ነበር፤ ተቀመጠ።

"እሱ አያውቅም" አለች ብፅዓት። "'ለልጄ ንገሯት' ብሎ ፈርሞልኛል። ጉበትህ ትንሽ አብጧል ነው ያልኩት። እርስዎም እንዳይነግሩት፣ ፕሊስ። ተስፋ ከቆረጠ ምግብ አይበላልኝም።"

"እንዴት አድርጌ እነግረዋለሁ፣ ብፅዓትዬ?" አላት። እውነቱን ነው። የእኛ ሰው እንዲህ ነው፤ ሰፈሩ ሁሉ ሲያውቅ በሽተኛው ብቻ አያውቅም፣ ይህንንም ከፍቅር እንቆጥረዋለን።

ያን ቀን ሀምዱ አንድ ፌርማታ ሳይቆም አለፈ፤ በሃያ ሁለት ዓመት አድርጎት አያውቅም። ቤቱ ገብቶ ሻይ አፈላ፣ ሳይጠጣው ቀረ። ፈርቶ ነበር፣ ምን ይደበቃል! ለተክሌ ብቻ አይደለም፣ ለራሱም ፈርቶ ነበር። መትረየስ ማን እንደሆነ፣ ሽማግሌው ለምን እንደሚያስቅ የሚያውቅ ሌላ ሰው በዚህ ሁሉ ከተማ ውስጥ የለም። ተክሌ ከሄደ እነዚያ ስሞች ሁሉ አብረውት ይሄዳሉ። አሁን ግን ሥራው አንድ ነበር፤ ፊቱን ጠብቆ፣ እንደ ወትሮው ሆኖ፣ ምስጢሩን ማሳለፍ። "ይህ ያቅተኛል እንዴ?" አለ ለራሱ።

ቅዳሜ ደብተሩን ይዞ ሰቨን ሲስተርስ፣ ወደ ተክሌ ቤት ሄደ። ተክሌ መስኮቱ አጠገብ፣ በሰኔ ሙቀት ሹራብ ለብሶ፣ ደብተሩን ጭኑ ላይ አድርጎ ይጠብቀው ነበር። አንገቱ ቀጥኗል። ዓይኑ ግን ያው የጥንቱ ዓይን ነው፣ አንድ ነገር አስቦ የመጣ ሰው ዓይን።

ብፅዓት ሻይ አቀረበችና ወደ ኩሽና ሄደች።

"በል ስማ" አለ ተክሌ እጁን እያሻሸ። "ጩጬውን ስጠኝ። አንካሴን ውሰድ።"

አንካሴ ጉልበቱ የተበላሸ ተቀያሪ ነው። ከሚያዝያ ወዲህ ሜዳ አልገባም፣ የሚገባም አይመስልም። ይህ ዋጋ አይደለም፣ ስድብ ነው። መርካቶ ውስጥ ገዢ መጀመሪያ እንደሚጠራው ሂሳብ፣ ሻጩን ለማናደድ የተጣለ ቃል ነው። ከዚያ ሻጩ ይጮሃል፣ ገዢው ሊሄድ ይነሳል፣ ይጠራል፣ ይመለሳል፤ ጨዋታው እሱ ነው።

ሀምዱ አፉን ለጩኸት ከፈተ። የተክሌን አንገት አየ። ጩጬው ይሁንለት አለ በሆዱ፤ ለዚች ለቀረችው ጊዜ ደስ ይበለው።

"እሺ" አለ።

አይ ሀምዱ!

"ምን አልክ?"

"እሺ አልኩህ። ውሰደው።" የተክሌን ደብተር ሳበ፣ እስክሪብቶውን ከፈተ፣ የጩጬውን ስም በገዛ እጁ ጻፈለት። ሲጽፍ ተክሌ እጁን ያየው ነበር። ስሙ ተጽፎ ካለቀ በኋላም ማየቱን አልተወም።

"ሀምዱ።"

"አቤት።"

"ብፅዓት የተወለደች ዓመት፣ ጣቱ የተሰበረ ተቀያሪ ለመስጠት ስድስት ሳምንት አመላለስከኝ።"

"ያኔ ልጆች ነበርን።"

"አምና ልደቴ ነው ብልህ፣ 'በጨዋታ ስጦታ የለም' አልከኝ።"

ሀምዱ ሻዩን አነሳ። ሳይቀምሰው መልሶ አስቀመጠው።

"እስከ መትረየስ ድረስ ልሄድልህ ተዘጋጅቼ ነበር" አለ ተክሌ በቀስታ። "ሳምንቱን ሙሉ ሳሰላው ነው የከረምኩት። አሁን ንገረኝ፣ ስንት ወር ነው?"

"የምን ወር?"

"ዶክተሩን 'ለልጄ ንገራት' ያልኩት እንዳልሰማ ብዬ ነበር። አንተ ግን ሳልጠይቅህ ነገርከኝ።"

ሀምዱ ሊዋሽ ፈለገ፣ ወላሂ ፈለገ፤ ቃሉ ግን አልመጣም። እንባው ቀደመው። "እስከ መስከረም ነው የሚሉት" አለ።

ተክሌ ወደ መስኮቱ ዞረ። የሚያልፍ አውቶቡስ በዓይኑ ሸኘ።

"ውድድሩ የሚያልቀው ጥቅምት ነው።"

"አውቃለሁ።"

"ብፅዓት ማወቄን እንዳታውቅ። ትሰበርብኛለች።" እስክሪብቶውን ከሀምዱ እጅ ወሰደና ሀምዱ የጻፈውን ስም ሰረዘ። "ጩጬውን መልሰህ ያዝ። አራት ዓመት ቁጭ ብሎ የሚጠብቀው ሰው ይፈልጋል። ለእኔ ሽማግሌውን ስጠኝ።"

በሠላሳ ዓመት ተክሌ ከሠላሳ ዓመት በላይ የሆነ ተጫዋች ጠይቆ አያውቅም። ሀምዱ "ውሰደው" ሊል ሲል ጣቱን አነሳበት።

"እሺ ብትለኝ ከዚህ ቤት አስወጣሃለሁ። ተከራከር!"

ሀምዱ አፍንጫውን በእጅጌው ጠረገ። ጉሮሮውን አጠራ። "መትረየስን ትሰጠኛለህ" አለ።

"አብደሃል! ለአንድ ጡረተኛ?"

"ጡረተኛው በሁለት ወር ተኩል ስምንት ጨዋታ አሸንፏል። ያንተ ወርዋሪዎች ሁሉም ተደምረው ዘጠኝ!"

"ነሐሴ ላይ ክንዱ ይዝላል።"

"ታዲያ እሱ አንተን ምን ቸገረህ?"

"ሰውዬ! መትረየስ ሃያ ሰባት ዓመቱ ነው። ገና ስድስት ዓመት ይመታል!"

"ስድስት ዓመት ለአንተ ምን ያደርግልሃል?" ብሎ ጮኸ ሀምዱ።

ሀምዱ አፉን በእጁ ያዘ፤ መሬቱ ተከፍቶ ቢውጠው በወደደ። ተክሌ አፍጥጦ አየው፣ አየው፣ ከዚያ ትከሻው ይነቀነቅ ጀመር። ሳቁ ሳል ሆነ፣ ሳሉ ተመልሶ ሳቅ ሆነ።

"አሁን ገና ሀምዱ መጣ!" አለ ዓይኑን እየጠረገ። "እኔማ ማንን እንደላኩብኝ ግራ ገብቶኝ ነበር።"

ሁለት ሰዓት ሙሉ ተጯጯሁ። በመሃል ብፅዓት ደንግጣ ብቅ አለች። "ዋት ኢዝ ጎይንግ ኦን? ምን ሆናችሁ?"

"ይህ ሌባ እየዘረፈኝ ነው" አላት አባቷ። "ምሳ ስጪኝ፣ ራበኝ።"

ብፅዓት ሀምዱን በምስጋና አየችው። ሀምዱ ዓይኑን ሰበረ።

በመጨረሻ ተክሌ መትረየስን ሰጠ። ሽማግሌውን ከአንድ ተቀያሪ ወርዋሪ ጋር ወሰደ። የመትረየስን ስም በሀምዱ ደብተር ላይ ሲጽፍ እጁ ስለሚንቀጠቀጥ ረጅም ጊዜ ፈጀበት፤ ሀምዱ አላገዘውም፣ ሕጉ አይፈቅድም። "ዘርፈኸኛል" አለው በር ላይ ሲሰናበተው። "ግን ጥቅምት ላይ አሸንፍሃለሁ።"

ሀምዱ በባቡር እስከ ፊንስበሪ ፓርክ መጥቶ ከዚያ አውቶቡስ ያዘ። ከላይ፣ ከፊት ወንበር ላይ ተቀምጦ ደብተሩን ገለጠ። መትረየስና ጩጬው በአንድ ገጽ! አንዱ ለዛሬ፣ አንዱ ለነገ። በሠላሳ ዓመት ውስጥ እንዲህ ያለ ቡድን ሠርቶ አያውቅም፣ እንዲህ ያለ ልውውጥም አሸንፎ አያውቅም። ልቡ በድል ዘለለች፤ አጠገቡ ወዳለው ሰው ዞረ። አጠገቡ ጆሮው ላይ ማዳመጫ የሰካ ልጅ ነበር። ለማን ይንገር? ተክሌን እንዴት እንደዘረፈው ሊነግረው የሚፈልገው ሰው ተክሌ ራሱ ነው።

ስልኩን አውጥቶ ደወለ። ብፅዓት አነሳችው።

"ተኝቷል፣ ጋሼ። ጥሩ በላ ደግሞ። ላስነሳው?"

"ተይው፣ ይተኛ" አላት። "ሰዓታችን እሁድ ነው። ነገ እደውላለሁ።"

ስልኩን ኪሱ ከተተ። ከነገው እሁድ ጀምሮ እስከ መስከረም ስንት እሁድ እንዳለ በጣቱ መቁጠር ጀመረ፣ አንዱ እጁ ሲያልቅ ተወው። አውቶቡሱ ኬንቲሽ ታውን ደርሶ ነበር፤ ደብተሩን ብብቱ ሥር ሸጉጦ ወረደ።