ኦቦ ቶሎሳ የሰረዙት ገጽ

ባለፈው ቅዳሜ አክስቴ ሰናይት ደውላ፣ «ያኔ ሱሉልታ የሆነውን እስቲ ጻፊልኝ፤ ተማሪዎቼ ያንብቡት» አለችኝ። ሰናይት ዛሬ በየክልሉ አዳዲስ ዩኒቨርሲቲዎች እየዞረች የኢኮኖሚክስ ማስተርስ ተማሪዎችን የጥናት አሠራር ታስተምራለች። እኔ ገና አሥራ ስምንት ዓመቴ ነው። የማስተርስ ተማሪ የኔን ጽሑፍ ሊያነብ ነው ብዬ፣ ስልኩን እንኳ ሳልዘጋ ወረቀት ፍለጋ ሮጥኩ።

ያኔ አሥራ አንድ ዓመቴ ነበር። የአዲስ አበባ የቤት ኪራይ አባሮን ሱሉልታ ከገባን ሦስተኛ ዓመታችን ነበር። ኦሮምኛውን የለመድኩት ከጎረቤት ልጆች ጋር ሱዚ ስዘል ነው። ወሩ ኅዳር፤ ሜዳው ታጭዶ አገሩ ሁሉ ደረቅ ሳር ደረቅ ሳር ይሸታል፣ የጠዋቱ ብርድ ጣት ይቆርጣል። የዚያ ዓመት ኅዳር ግን እንደ ሌላው አልነበረም። «የአዲስ አበባ ማስተር ፕላን መሬታችንን ሊወስድ ነው» ተብሎ ቡራዩም፣ ሰበታም፣ እኛም ዘንድ ሕዝቡ ተቆጥቷል። አንዳንድ ቀን መንገዱ በድንጋይ ይዘጋል፣ ትምህርት ቤትም አብሮ ይዘጋል። ትምህርት ሲዘጋ ደስ ይለኝ ነበር፤ በተቃውሞው ልጃቸውን ያጡ ሰዎች እንዳሉ የሰማሁት በኋላ ነው፣ ሳስበው አሁንም አፍራለሁ።

በዚህ መሐል ነው ሰናይት የማስተርስ መመረቂያ ጥናቷን ልትሠራ ከአዲሱ ገበያ በሚኒባስ የመጣችው። የምታጠናው የወተት ላም ያላቸውን ገበሬዎች ነው። መጠይቁ ከሌላ አገር ጥናት የተገለበጠ ነበር። መምህሯ የሚያማክሩት ተማሪ ከመብዛቱ የተነሳ ገለጥ ገለጥ አድርገው «ጥሩ ነው፣ ሂጂበት» ብለዋታል። እስከ ገና መረጃውን ካላመጣች ከጓደኞቿ ጋር አትመረቅም። እኔ አስተርጓሚ ሆንኩ። ኩራቴን ብታዩት!

የመጀመሪያው ጥያቄ «የመሬትዎ ስፋት ስንት ሄክታር ነው?» ይላል። ቀጥሎ «የይዞታ ማረጋገጫ አለዎት?»

አስቡት እንግዲህ። በዚያ ወር፣ ከአዲስ አበባ የመጣች፣ ወረቀት የያዘች ሴት! ሁለት ቀን ዞርን። የሰደበን የለም፤ እንዲያውም እርጎ አጠጡን። መልስ ግን የለም። አንዲት እናት «መሬትም የለኝ፣ ላምም የለኝ» እያሉን ከጓሮ «እምቧ!» የሚል ድምፅ መጣ። ፈገግ እንኳ ሳይሉ «የጎረቤት ናት» አሉ።

በሦስተኛው ቀን ኦቦ ቶሎሳ ዘንድ ሄድን፤ የሰፈሩ ሰው የሚሰማቸው ሽማግሌ ናቸው። ሳር ሲከምሩ አገኘናቸው። «አካም ቡልታን?» ብዬ ሰላምታውን ገና ስጀምር፣ ሰናይት ቸኩላ ወረቀቷን ገለጠችና ሄክታሩን ጠየቀች።

«ማን ላከሽ?» አሏት በአማርኛ።

«ዩኒቨርሲቲ ነው አባባ። ተማሪ ነኝ።»

«ዩኒቨርሲቲውንስ ማን ላከው?»

ሰናይት ወረቀቷን ታገላብጥ ጀመር።

«እዚህ አገር ሰው ቤት ሲመጣ ልጆቹ ደኅና ናቸው፣ ከብቱ ደኅና ነው ተብሎ ነው ጨዋታ የሚጀመረው። አንቺ ሳትቀመጪ መሬቴን ለካሽው!» እጃቸውን ዘርግተው ወረቀቱን በሙሉ ተቀበሏት። «እንይበት። ነገ ተመለሺ።»

መንገዱን ሁሉ አለቀሰች። «ወረቀቱም ሄደ፣ ምርቃቴም ሄደ» ትላለች።

በማግሥቱ አምስት ሽማግሌዎች የሳሩን ክምር ተደግፈው ጠበቁን። የኦቦ ቶሎሳ ልጅ ፋንቱ አንብባላቸው አድራለች። የመሬቱ ገጽ ከእያንዳንዱ ቅጂ ላይ በእስክሪፕቶ ተሰርዟል። ከሥሩ በፋንቱ እጅ አንድ ጥያቄ ተጽፏል፤ «ላሞቻችሁ የሚግጡበት ቢወሰድ ወዴት ትሄዳላችሁ?»

«ስለ ላሙ፣ ስለ ወተቱ፣ ስለ መኖው የፈለግሽውን ጠይቂ» አሉ ኦቦ ቶሎሳ። «መሬቱን ተዪው። በሱ ፋንታ ይችን ጠይቂን።»

«አባባ፣ መሬቱ ከሌለ እኮ ስሌቱ አይሠራልኝም።»

«እንግዲያማ ስሌትሽን ሌላ አገር ውሰጂው!»

ሽማግሌዎቹ ሳቁ። ሰናይት አልሳቀችም። የተሰረዘውን ገጽ ደጋግማ አየችው። ከዚያ ሳሩ ላይ ቁጭ አለችና ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ «ከብቱ ደኅና ነው? እንዴት ነው የሚባለው?» አለችኝ። ነገርኳት።

«ሎን ነጋ?» አለች እየተኮላተፈች።

ያን ቀንና በተከታዮቹ ቀናት ምላሴ እስኪዝል አስተረጎምኩ። እኚያን እናትም አገኘናቸው፤ የጎረቤት የተባለችው ላም የራሳቸው ሆና ተመዘገበች። የፋንቱን ጥያቄ ሁሉም መለሰ። ኦቦ ቶሎሳ ብቻ ወደ ሜዳው ዞሩና «የኔን ባዶ ተዪው» አሉ።

መምህሯ «ዋናው ነገር፣ መሬቱ፣ ጎድሎታል» ብለው ጥናቱን መለሱባት። እንደ አዲስ ጀመረች። በጓደኞቿ ምርቃት ቀን አበባ ይዛ የቆመችው እሷ ናት፤ የተመረቀችው በዓመቱ ነው።

ዛሬ ተማሪዎቿን መጠይቅ ከማስጻፏ በፊት ወረቀት ሳይዙ ገበሬ ዘንድ ውለው እንዲመጡ ትልካለች። መልሱ ባዶ የቀረውን የኦቦ ቶሎሳን ቅጽም ታሳያቸዋለች። የጥናት መማሪያ መጽሐፉ መልስ የሌለውን አውጥታችሁ ጣሉ ይላል፤ እሷ ግን አልጣለችውም።

ባለፈው ወር ፋንቱን ታክሲ ተራ አገኘኋት። እንደነገረችኝ የሳሩ ሜዳ በቆርቆሮ ታጥሯል። አባቷን እሷ ወደምትኖርበት ወደ ጫንጮ ወስዳቸዋለች፤ ሁለት ላም ቀርቷቸዋል። እንግዲህ ያን ባዶ ቦታ መሙላት እችላለሁ ማለት ነው። ለሰናይት ልደውልላት ስልኬን አነሳሁ፤ ከዚያ ግን የሳቸው መልስ በኔ አፍ መነገር የለበትም ብዬ ተውኩት። ጫንጮ ሩቅ አይደለም። ሰናይትን ይዣት እሄዳለሁ።