ከፊደሉ ውጭ የቀረው

«የፊደል መሙያ ነው ትለኛለህ? ሰው መሙያ ይሆናል?»

«አባ፣ ፖስተሬን ከምሰሶ ላይ ገንጥለው መጥተው መልሰው እኔን ይቆጣሉ? የቀበሌ ማኅተም እኮ አለበት!»

«ማኅተሙን ተወው። ይቺ ልጄ ናት።»

ቄሱ የተቀደደውን ፖስተር ጠረጴዛዬ ላይ ዘርግተው በመዳፋቸው ያስተካክሉታል። የመጡት ከገራዶ በኩል ካለ ገጠር ነው። ጥምጥማቸው ላይ የመንገድ አቧራ አለ። እግራቸው ሥር በሶ የያዘ ከረጢት አስቀምጠዋል። በሶው ለልጃቸው ነው። ልጃቸው ደሴ ኮሌጅ ገብታ ነርስነት ትማራለች፤ ሁለተኛ ዓመቷ ነው። «አይድከሙ፣ እኔ እመጣለሁ» እያለች መልእክት ትልክላቸው ነበር፤ ከፋሲካ ወዲህ ግን እሷም አልመጣች፣ መልእክቷም ቀረ። ቢጨንቃቸው ተነስተው መጡ። ከመኪና ወርደው ፒያሳ ሲደርሱ ነው ፖስተሬን ያዩት። ከታች የተጻፈውን የኮምፒውተር ቤታችንን ስም እየጠየቁ እኛ ጋ ደረሱ።

ያን ጊዜ ሃያ ዓመቴ ነው። ደሴ ውስጥ ኮምፒውተር ጽሕፈትና ግራፊክስ በሚሠራ ጠባብ ቤት ተቀጥሬ ማመልከቻ እጽፋለሁ፤ ባለቤቱ ዞር ሲል ደግሞ ግጥም። ግጥም ያስተማረኝ ሰው የለም፤ ኮምፒውተሩንም እንዲሁ እየነካካሁ ነው የለመድኩት። ፖስተሩ በቀበሌ አዳራሽ ለማቀርበው ለመጀመሪያው የግጥም ምሽቴ ነበር። ርእሱ «ላብ»። ስለ ኮምቦልቻ ፋብሪካ ሴቶች የጻፍኳቸው ግጥሞች ናቸው። ካሜራ ተውሼ የሐረጎን ቁልቁለት ወርጄ፣ ፋብሪካው በር ላይ በፈረቃ ለውጥ ሰዓት ፎቶ አነሳኋቸው። አንዷንም አላስፈቀድኩም።

ፎቶውን ስካን አድርጌ በሁለቱ ፊደላት ውስጥ ለመሙላት ሦስት ቀን ፈጀብኝ። የእኛ ፊደል እግሩ ቀጭን ነው፤ ምስል ቢከቱበት አይታይም። እስኪያብጥ አወፈርኩት። ከዚያ ፎቶውን በፊደሉ ውስጥ ወደ ግራ ስጎትት፣ ወደ ቀኝ ስጎትት፣ በ«ላ» ረጅም እግር ውስጥ አንድ ዓይን፣ ጉንጭና የከንፈር ጫፍ ገጠመልኝ። ዘለልኩ። ለእኔ ጥሩ ጥቁርና ጥሩ ብርሃን ነበር። ዓይኑ ባለቤት እንዳለው ለአፍታ እንኳ አልመጣልኝም።

«አብሽሩ አባ፣ ይቀመጡ» አለ ባለቤቱ፣ ወንበሩን እየለቀቀላቸው። «ወላሂ ይሄ ልጅ ግጥም ከጀመረው ወዲህ ሰው ሰው አይመስለውም።»

ቄሱ አልተቀመጡም።

«አባ፣ ይቺ የኮምቦልቻ ፋብሪካ ሠራተኛ ናት» አልኩ። «የእርስዎ ልጅ ተማሪ ናት አላሉም?»

«ዓይኗን አጣዋለሁ?»

«በአንድ ዓይን ሰው ይታወቃል?»

«ውለድና ታየዋለህ።»

ባለቤቱ ሳቀ። እኔን አናደደኝ። አንድ የገጠር ቄስ በሥራዬ ላይ ሲፈርዱ ዝም ማለት አልቻልኩም። ፋይሉን ከፈትኩ።

«ይኸው፣ ላሳይዎት። ፎቶው አልተቆረጠም። ፊደሉ እንደ መስኮት ነው፤ የቀረው ሁሉ ከኋላ ተደብቆ አለ። ሙሉ ፊቷን ሲያዩ ልጅዎ እንዳልሆነች ያውቃሉ።»

«እስቲ አውጣት» አሉ፣ ጎንበስ ብለው። ትንፋሻቸው ጆሮዬ ላይ ይሰማኛል።

ማውሱን ተጫንኩ። ፊደሉ ተነነና ፎቶው ስክሪኑን ሞላው።

በሩ፣ ሰማያዊ ጋዋን የለበሱ ሴቶች፣ አቧራው። እሷ ዳር ላይ ናት፤ ነጭ ሻሽ አስራለች፤ ጋዋኑን ለብሳለች። ጀርባዋ ላይ ልጅ አዝላለች። ከትከሻዋ በላይ ጡጫ የምታክል ራስ ብቅ ብላለች። ያን ፎቶ ሦስት ቀን ሙሉ ስጎትተው ከርሜያለሁ። ልጁን አላየሁትም።

«ያረቢ!» አለ ባለቤቱ።

«የጓደኛዋ ልጅ ይሆናል» አልኩ። «ለጊዜው ይዛላት… እነሱ እንደዚያ ይረዳዳሉ።»

ቄሱ አልሰሙኝም። ጣታቸውን መስታወቱ ላይ፣ ልጁ በታዘለበት ጨርቅ ላይ አሳረፉ።

«ጋቢው» አሉ። «ጥለቱን ተመልከት። እናቷ ናት የፈተለችው። ደሴ ብርድ ነው ብዬ፣ ኮሌጅ ላስገባት ስመጣ እኔ ራሴ ነኝ ያለበስኳት።»

ኮምቦልቻ ሙቀት ነው፤ ጋቢ የሚያስለብስ ብርድ የለም። ማዘያ አድርጋዋለች።

ቄሱ ጣታቸውን ከመስታወቱ አነሱ። «ለደብሩ ሰው በሙሉ ነርስ ልትሆን ነው ብዬ…» ጀመሩና ተዉት። ከዚያ ድምፃቸው ዝቅ ብሎ፣ «መልሳት» አሉኝ።

«ወዴት?»

«ወደ ነበረችበት። ፊደሉ ውስጥ።»

መለስኳት። ልጁ ጠፋ፣ ጋቢው ጠፋ፣ ጋዋኑ ጠፋ፤ አንድ ዓይን ቀረ። ግን ከእንግዲህ ምን ያደርጋል? ከ«ላ» ጎን ባለው ባዶ ነጭ ላይ ያቺን ትንሽ ራስ አያታለሁ። ያዩትን ነገር መልሼ መሸፈን የምችል መስሎኝ ፊደሉን ትንሽ ገፋሁት። ዓይኗም ሄደች፤ በቦታዋ ግድግዳ ገባ። አፍሬ መለስኩት።

«ከሥራ የሚወጡት ስንት ሰዓት ነው?»

አውቃለሁ። ስለዚያች ሰዓት ግጥም ጽፌያለሁ። ባለቤቱን አየሁት፤ እሱ መሬት መሬቱን ያያል።

«አላስታውስም፣ አባ።»

«የቀረውንም ልትደብቀኝ ነው?»

«ስምንት ሰዓት» አልኩ። ከአፌ እንደ ወጣ ጸጸተኝ። አሁን ይሄዳሉ፤ በሩ ላይ በሥራ ጓደኞቿ ፊት ያገኟታል። እንዲህ ያጋለጥኳት እኔ ነኝ።

«ሚኒባሱ ድረስ ልሸኝዎት?» አለ ባለቤቱ።

«አመሰግናለሁ፤ መንገዱን አላጣውም።» ፖስተሩን አራት አድርገው አጠፉና ከበሶው ጋር ከረጢቱ ውስጥ ከተቱት።

ተነስቼ በሩ ጋ ደረስኩባቸው። «አባ፣ በእግዚአብሔር፣ እንዳይጨክኑባት።»

ዞረው አዩኝ። ቁጣ ጠብቄ ነበር። ዓይናቸው የ«ላ»ው ዓይን ራሱ ነው፤ እንዴት እስከዚያች ደቂቃ አላየሁትም?

«ፎቶ ስታነሳት አጠገቧ ነበርክ?»

«ነበርኩ።»

«ልጁ ወንድ ነው ሴት?»

ወደ ስክሪኑ ዞር አልኩ። አንድ ዓይን ብቻ ነው ያለው።

«ወንድ ከሆነ በአርባ፣ ሴት ከሆነች በሰማንያ ቀኗ ነው ክርስትና የምትነሳው። እኔ ስንቱን የሰው ልጅ አጥምቄያለሁ። ይሄንን ማን አጠመቀው?»

«አላውቅም፣ አባ።»

«እኔም አላውቅም» አሉ።

ከረጢታቸውን ትከሻቸው ላይ ጣል አድርገው ወጡ። የብረት በሩ በስፕሪንጉ እየተጎተተ መጣና ፊቴ ላይ ተዘጋ።