የእህቴ ክኒን

የባሕር ዳር ሙቀት ሰውን በሚያቀልጥበት በሚያዝያ ወር እኔ ሹራብ ለብሼ ጨርቅ እሸጥ ነበር። ደንበኞቼ ይስቁብኛል፤ እኔም አብሬያቸው እስቅና እግሬን ፀሐይ ላይ ዘርግቼ አንቀላፋለሁ። ፊቴ አብጧል፣ ድምፄ ጎርንኗል፣ ፀጉሬ በማበጠሪያው እየተነቀለ ይወጣል። ባሌ ሰነፍሽ ይለኛል። ስንፍና ሹራብ ያስለብሳል እንዴ ልለው እፈልግና ጉልበት አጣለሁ።

ከጣና ማዶ ደልጊ የምትኖረው ታላቅ እህቴ ደግሞ የእኔ ተገላቢጦሽ ነበረች። በክረምቱ ብርድ በር ከፍታ ትተኛለች፣ እየበላች ትከሳለች፣ እጇ ይንቀጠቀጣል፣ ዓይኗ ወጣ ወጣ ብሏል። ጎረቤቱ ዓይን በላት አለ፤ ሼኹም ውሃ ላይ ቁርኣን ቀርተው ሰጧት። ኋላ ጎንደር ሄዳ ስትመረመር፣ አንገቷ ላይ ያለው የእንቅርት ዕጢ ከልክ በላይ እየሠራ ነው ተባለና ክኒን ታዘዘላት። በጥቂት ወራት እንቅልፏም ሥጋዋም ተመለሰ።

ለዒድ ደልጊ ሄጄ ሻሼን ሳወልቅ አንገቴ ማበጡን ያየችው እሷ ናት። በጣቷ ዳበሰችው፣ የራሷን ዳበሰች፣ የእኔው ነው አለች። ፍርዱን የሰጠችው ግን እናታችን ነበረች።

"ካንድ ማህፀን ወጥታችሁ መድኃኒታችሁ ምን ብሎ ሁለት ይሆናል?"

እውነቷን መሰለኝ። እኔና እህቴ ያደግነው አንድ አልጋ ላይ ነው፤ የዒድ ቀሚሳችን እንኳ ከአንድ ጣቃ ነበር የሚቆረጥልን። ክኒን መካፈል ታዲያ ምን ይገርማል? ከዚያ ቀን ጀምሮ በጀልባ በሚመጣ ዘመድ እጅ፣ በወረቀት ጠቅልላ ትልክልኛለች፤ እኔም ቢስሚላህ ብዬ እውጣለሁ።

እየዋጥሁ ባሰብኝ። ሹራቡ ላይ ጋቢ ደረብሁበት። አንድ ቀን ጨርቅ ለክቼ መቀሱን እንደያዝሁ እንቅልፍ ጣለኝ፤ ይህን ያየች የጎን ነጋዴ ሱቄን ዘግታ እየጎተተች ክሊኒክ ወሰደችኝ።

የደሜ ውጤት ሲመጣ ዶክተሯ ከቤተሰብ እንዲህ ያለ ሕመም ያለበት ሰው አለ ወይ ብላ ጠየቀችኝ። መልሱን የማውቀው ጥያቄ በመምጣቱ ደስ አለኝ። የእህቴን ክኒን ከቦርሳዬ አውጥቼ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥሁና መድኃኒቱንም ጀምሬዋለሁ አልኋት። ዶክተሯ ክኒኑን አየች፣ ውጤቱን አየች፣ እኔን አየች።

"የእህትዎ እሳት በዝቶ ውሃ ይፈልጋል፤ የእርስዎ ግን እየጠፋ ያለ እሳት ነው" አለችኝ። "ውሃውን እርስዎ ላይ ሲያፈሱ ከርመዋል።"

እንግዲያው በሽታችን አንድ አይደለም ማለት ነው? አይ፣ ሥሩ አንድ ነው አለች። የሰውነት መከላከያ የገዛ ዕጢውን እንደ ጠላት ያየዋል፤ አንዷን ያለ ልክ ያስሮጣታል፣ ሌላዋን ያደክማታል። በዘር የሚወርደው ዝንባሌው ነው እንጂ በሽታው ራሱ አይደለም፤ ሌሎች ወንድሞችና እህቶች ካሏችሁ ምንም ላይነካቸው ይችላል። ራሴን እየነቀነቅሁ ሰማኋት እንጂ አልገባኝም። ዘበኛ የቤቱን ባለቤት የሚደበድበው ምን ቢያይ ነው? ከእናቴ ነው ወይስ ከአባቴ ስላት ከሁለቱም ሊሆን ይችላል አለችኝ። ይህን ለእናቴ በስልክ ብነግራት ተቆጣች። በእሷ ወገን አንገቱ ያበጠ ሰው የለም፤ የአባታችሁን ዘመዶች ጠይቁ አለችና ዘጋችው። ግራ እንደገባኝ ቀረሁ።

እህቴ ግን ስነግራት በሚቀጥለው ጀልባ መጣች፤ ወደቡ ላይ ሳያት ደነገጥሁ። ሥጋዋ ሄዷል፣ እጇ እንደ ድሮው ይንቀጠቀጣል፣ በዚያ ነፋስ ያልባታል። መድኃኒት እየዋጥሽ ምን ሆንሽ ብላት ሐይቁን እያየች ነገረችኝ። ከጎንደር ሐኪም ቤት የሚሰጧት ለራሷ የሚበቃውን ብቻ ነበር። እያንዳንዱን ክኒን ለሁለት እየሰበረች ግማሹን ስትውጥ፣ ግማሹን ለእኔ ስትልክ ኖራለች። እኔ ሞኟ፣ ክኒኑ ግማሽ ግማሽ ሆኖ የሚመጣው ለእኔ የሚበቃኝ ያ ስለሆነ መስሎኝ ነበር።

"ምነው እታለም?" አልኋት።

"አንቺ እየታመምሽ ብቻየን ብውጠው ከጉሮሮየ አይወርድልኝም።"

ልቆጣት ወይስ ልሳማት? ሰው እያየኝ ሁለቱንም አደረግሁ። እኔን ለማዳን ራሷን ነፈገች፤ የሰጠችኝ ደግሞ እኔኑ አሳመመኝ። ጥፋት ነው እንዳልል ፍቅር ነው፤ ፍቅር ነው እንዳልል ሁለታችንንም ሊጨርሰን ነበር። እስከ ዛሬ ስሙን አላገኘሁለትም።

ያኑ ቀን ዶክተሯ ዘንድ ወሰድኋት። ለእኔ የራሴ ክኒን ታዘዘልኝ፤ እሷ ሙሉውን እንድትውጥ፣ ለማንም እንዳታካፍል ተነገራት። እሺ፣ ገብቶኛል አለች።

በማግስቱ ከንጋቱ የሱብሂ ሶላት በኋላ አንድ ብርጭቆ ውሃ መሃላችን አስቀምጠን ተቀመጥን። እኔ የራሴን ዋጥሁ። እሷ ክኒኗን አወጣች፣ ሳታስበው ለሁለት ሰበረችና ግማሹን ወደ እኔ ዘረጋች። ከዚያ እጇ እንደተዘረጋ ቀረ። ሁለታችንም መዳፏን አየነው።

እጇን ይዤ ወደ አፏ መለስሁላት። ሁለቱንም ግማሽ እስክትውጥ ድረስ አልለቀቅኋትም።