ዘጠና ሁለት ዲግሪ

ስለ መሬት የሚጠይቁኝን ተማሪዎች እወዳቸው ነበር፤ ትንሽም እፈራቸው ነበር። በ1990ዎቹ አጋማሽ ቂርቆስ አካባቢ ባለ አንድ ትምህርት ቤት የዘጠነኛ ክፍል ፊዚክስ ሳስተምር ሦስተኛው መደዳ ላይ የምትቀመጥ አንዲት ልጅ ነበረች። አባቷ ላንቻ ሱቅ ስላላቸው ከትምህርት መልስ ስኳርና ምስር ትመዝንላቸዋለች። የሚዛን መርፌ በጎን እንደማይነበብ፣ ዓይን ትክክል ፊት ለፊቱ መሆን እንዳለበት ያስተማሯት እሳቸው መሆናቸውን ነግራኛለች። ጥያቄዎቿን ከየት እንደምታመጣቸው ግን እንጃ።

"ቲቸር፣ መሬት እንደዚህ በፍጥነት የምትሽከረከር ከሆነ ነፋሱ ለምን ገፍትሮ አይጥለንም?"

አየሩም አብሮን ስለሚዞር ነው አልኳት። ትንሽ አሰበችና፣ "እሺ፣ አየሩን ማን ነው የያዘው?" አለች። የመሬት ስበት ነው አልኩ። "ታዲያ ስበቱ ከያዘው ለምን እንደ ውሃ ታች አይጠራቀምም?" ይጠራቀማል እንጂ! ታች ይወፍራል፣ ወደ ላይ በወጣን ቁጥር እየሳሳ ይሄዳል ብዬ መለስኩላት። ይህን ልብ በሉልኝ፤ በራሴ አፍ የተናገርኩት እኔው ነኝ።

የእኛ የላብራቶሪ ሥራ የራሱ ልማድ ነበረው። ከእኔ በፊት የነበሩት መምህር ትተውልኝ የሄዱት አንድ ያረጀ ደብተር ውስጥ የሁሉም ሙከራ ውጤት ተጽፏል። ተማሪዎቹም ያለፈውን ዓመት ሪፖርት እየተዋሱ ስለሚገለብጡ ውሃው ሳይጣድ ውጤቱ ይታወቃል። ሙከራ የምንሠራው ለማወቅ ሳይሆን ሠራን ለማለት ነበር። አንዱ ያገኘው ቁጥር ከደብተሩ ጋር ካልገጠመ "ይስተካከል" ብዬ በቀይ እጽፋለሁ። እነሱም ያስተካክላሉ። ማንም ቅር ብሎት አያውቅም።

የዚያን ቀን ሙከራ ከሁሉም የቀለለው ነበር፤ ውሃ አፍልቶ በስንት ዲግሪ እንደሚፈላ መለካት። ሌሎቹ ቡድኖች የላምባው ምድጃ ሳይለኮስ መቶ ብለው ጽፈው ወሬያቸውን ይዘዋል። እሷ ብቻ ውሃው የተጣደበት የመስታወት ዕቃ፣ ቢከሩ ላይ አቀርቅራለች።

"ቲቸር፣ ዘጠና ሁለት ላይ ቆሟል።"

"ገና ነው፣ ጠብቂ።"

"እየተንተከተከ ነው እኮ። አሥር ደቂቃ ሆነው።"

ሌላ ቴርሞሜትር ሰጠኋት። ዘጠና ሁለት። ከጎን ካለው ቡድን ሦስተኛ ተውሳ አመጣች። አሁንም ዘጠና ሁለት። ጎንበስ ብዬ ማየት ብቻ ነበር የሚጠበቅብኝ። እኔ ግን ደክሞኛል፣ ከኋላ ያሉት መንጫጫት ጀምረዋል፤ ደግሞም እውነቱን ልናገርና ልጅ ሲከራከረኝ ቶሎ ነው የምናደደው።

"ምን ማለትሽ ነው?" አልኩ ድምፄን ከፍ አድርጌ። "ዓለም ላይ ሁሉ በመቶ የሚፈላ ውሃ እኛ ሰፈር ሲደርስ በዘጠና ሁለት ይፈላል? ለቂርቆስ ሰው ልዩ አስተያየት ተደርጎለት ነው? ሂጂና ዓይንሽን ተመርመሪ!"

ክፍሉ በሳቅ አውካካ። እኔም ተረብ የቻልኩ መስሎኝ አብሬ ሳቅኩ። ልጅቷ ቴርሞሜትሩን አየችው፣ ቀጥሎ እኔን አየችኝ፤ ከዚያ ላጲስ አውጥታ ዘጠና ሁለቱን አጠፋችና መቶ ብላ ጻፈች። አሥር ከአሥር ሰጠኋት። ከዚያ ቀን ጀምሮ የክፍሉ ልጆች ስሟን ትተው "ዘጠና ሁለት" ይሏት ጀመር።

ከወር በኋላ የአየር ግፊት ምዕራፍ ላይ ደረስን። ጀርባዬን ለተማሪዎቹ ሰጥቼ ሰሌዳው ላይ እጽፋለሁ፦ ከፍታ ሲጨምር የአየር ግፊት ይቀንሳል፤ ግፊት ሲቀንስ ፈሳሽ ዝቅ ባለ ሙቀት ይፈላል። ይህን ማስታወሻ ለስድስት ዓመት ያህል አስጽፌዋለሁ። የዚያን ቀን ግን ጠመኔው እጄ ላይ ቀጥ አለ። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከሁለት ሺህ ሦስት መቶ ሜትር በላይ ከፍ ብላ መቀመጧን ማን አጥቶት? ከቆላው ከአዋሽ የመጣ ሰው ሁሉ እዚህ ባቄላ አልበስል አለኝ እያለ ሲያማርር ስሰማ አልኖርኩም? መምህራን ማረፊያ ገብቼ አሰላሁት። ዘጠና ሁለት ገደማ መጣ። ደግሜ አሰላሁት፤ ያው ነው።

ነገ ገና ስገባ እነግራቸዋለሁ ብዬ ወሰንኩ። በማግስቱ ገባሁ፤ እሷም ቦታዋ ላይ አለች። "ባለፈው የላብ ሥራ ላይ..." ብዬ ጀመርኩና ስልሳ ዓይን ሲያፈጥብኝ፣ "ጥሩ ሠርታችኋል፣ መጽሐፋችሁን አውጡ" አልኩ። ይህን ካመንኩ ከእንግዲህ የትኛውን ያምኑኛል ብዬ ፈራሁ። በሚቀጥለው ሳምንት፣ ከፈተና በኋላ፣ ዓመቱ ከማለቁ በፊት እያልኩ ቀኑን ገፋሁት። አውቆ የተኛን ቢቀሰቅሱት አይሰማም የሚባለው ለእኔ ነው። እሷ ከዚያ በኋላ አንድም ጥያቄ አልጠየቀችም። "ጥያቄ ያለው?" ስል ቀና ትልና መልሳ ታቀረቅራለች።

በሚቀጥለው ዓመት፣ አሥረኛን ጨርሰው አሥራ አንደኛ ክፍል የሚገቡት ልጆች ምድብ ሲለጠፍ ስሟን ከሶሻል ሳይንሶቹ ጋር አገኘሁት። የፊዚክስ ውጤቷ ከብዙዎቹ ወንዶች ይበልጥ ነበር። ግቢ ውስጥ አስቁሜ ለምን አልኳት።

"ፊዚክስ ለእኔ አይሆንም፣ ቲቸር።"

ሁለታችን ብቻ ነበርን። የሚስቅ ተማሪ የለ፣ የሚንቀኝ የለ። "ሶሻልም ጥሩ ነው፣ በርቺ" ብያት ሄድኩ። ከዘለፋው ይልቅ ዛሬም የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው። ያንን የተናገርኩት ሳላውቅ ነው፤ ይሄኛውን ግን እያወቅኩ።

ከአሥር ዓመት በላይ አለፈ። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ኦሎምፒያ ታክሲ ለመያዝ ተሰልፌ ሳለ ከፊቴ ያለችው ሴት ዞር አለችና "ቲቸር!" ብላ ጮኸች። ወዲያው አወቅኳት። አቅፋ ሳመችኝ። ደምበል አካባቢ ቢሮ እንደምትሠራ፣ እንዳገባች፣ አንድ ልጅ እንዳላት ነገረችኝ፤ ስለ ጤናዬ ጠየቀችኝ። እኔ ግን ሰላምታውን እንኳ በወጉ ሳልጨርስ ሁሉንም ዘረገፍኩት፤ የከተማውን ከፍታ፣ የአየሩን መሳሳት፣ የውሃውን ነገር።

"ልክ ነበርሽ" አልኳት። "ሦስቱም ቴርሞሜትሮች ልክ ነበሩ። የተሳሳትኩት እኔ ነኝ። ከወር በኋላ አውቄም ዝም አልኩሽ። ይቅር በይኝ።"

ክንዴን ያዝ አድርጋ ሳቀች።

"አይ ቲቸር! እርስዎ ደግሞ፣ ሰው ማጽናናት ሲችሉበት! እኔ እኮ ድሮም መሣሪያ ማንበብ አይሆንልኝም። ማለቴ፣ አሁን እንኳን የልጄን ትኩሳት የሚለካው ባለቤቴ ነው። እሱ ከሌለ ጎረቤት እጠራለሁ። እኔ ያየሁትን አላምነውም፣ በቃ።"

"አይደለም፣ ስሚኝ፤ ያኔ ያየሽው..."

"ተዉት ቲቸር፣ የልጅነት ነገር ነው።"

እመኚኝ ልላት አፌን ከፈትኩ። ያን ቀን ላጲሱን ያስወጣኋትም እኔን እንድታምነኝ ብዬ ነበር። ታክሲው መጥቶ ቆመ፤ ረዳቱ "አንድ ሰው! አንድ ሰው!" እያለ ይጮሃል። ተራው የእሷ ነበር። "ኧረ እርስዎ ይግቡ፣ ቆመውማ አይቀሩም" ብላ ጀርባዬን ደግፋ አስቀደመችኝ። እኔም ገባሁ።